ከሃርት አታክ የተረፈ ሰው ሁሉ የድባቴ ምርመራ ይደረግለት?

ደጋፊ፦ አዎ፣ ይደረግለት! በ1993 ከካናዳ፣ ሞንትሪያል አንድ ጥናት ወጣ። ከሃርት አታክ የተረፉ 222 ሰዎች ገና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ስለ ድባቴ ተጠየቁ። ከዚያ ለስድስት ወር ክትትል ተደረገላቸው። ድባቴ የነበረባቸው ሰዎች የመሞት አደጋ ከሌሎቹ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የልባቸው ደም የመርጨት አቅምና የቀድሞ ሃርት አታክ ታሳቢ ተደርጎም ልዩነቱ አልጠፋም።

ቤት የገባውን ታማሚ እንየው። አስፒሪኑ፣ የኮሌስትሮሉና የግፊቱ ኪኒን ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። እሱ ግን ከአልጋው መነሳት አቅቶታል። «ብውጠው ባልውጠው ምን ለውጥ አለው?» ይላል። ኪኒኑ ይዘለላል፣ የእግር ጉዞው ይቀራል፣ የተወው ሲጋራ ይመለሳል። ቤተሰቡ ደግሞ «ደክሞት ነው፣ ይረፍበት» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ሰው ሐኪሙ ካልጠየቀው ማን ይጠይቀው?

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ አደጋው መኖሩን አልክድም። ግን ሁለት ነገር አብሮ ስለታየ አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ማለት አይደለም። መንስኤ ቢሆን ኖሮ ድባቴው ሲታከም ሞቱም መቀነስ ነበረበት። በ2003 ውጤቱ የታወቀው የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ድባቴ ያለባቸው ወይም የሚደግፋቸው ሰው ያጡ 2,481 የሃርት አታክ ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በውይይት የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና አገኙ፤ ለባሰባቸውም ሰርትራሊን የተባለ የድባቴ መድኃኒት ተጨመረ። ድባቴው ቀለል አለላቸው። ሞቱና ዳግም ሃርት አታኩ ግን አልቀነሰም።

ድባቴ የሚመረመርበት መጠይቅም ቢሆን እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም እያለ ይጠይቃል። ልቡ በቅርቡ የተጎዳ ሰው ድባቴ ባይኖርበትም እነዚህ ሁሉ ሊኖሩበት ይችላሉ።

ደጋፊ፦ በ2018 የወጣውን የኮሪያ ጥናት ዘለሉት። ድባቴ ያለባቸው 300 የልብ ታማሚዎች ነበሩ። ግማሾቹ ለ24 ሳምንት ኤስሲታሎፕራም የተባለ የድባቴ መድኃኒት ወሰዱ፣ ግማሾቹ ፍሬ ነገር የሌለው ኪኒን። ስምንት ዓመት ገደማ ከተከታተሏቸው በኋላ ሞት ወይም ከባድ የልብ ችግር የደረሰባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 40.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት 53.6 በመቶ ሆኑ።

ተቃዋሚ፦ ጥሩ አመጡት። ቁጥሩን ሲበትኑት ግን ጎልቶ የቀነሰው ዳግም ሃርት አታክ ነው። በሞት ረገድ አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። በ2019 ደግሞ 1,500 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ወጣ። ሁሉንም መመርመር የታማሚዎቹን ኑሮ አላሻሻለም።

የሚያሰጋኝ ሌላም ነገር አለ። ታማሚው «ድባቴ አለበት» ተብሎ አሚትሪፕቲሊን የተባለው የቆየ የድባቴ መድኃኒት ቢታዘዝለትስ? ያ መድኃኒት የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። እዚህ አገር የአእምሮ ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አሚትሪፕቲሊን ግን በቀላሉ ይገኛል።

ደጋፊ፦ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው። አሚትሪፕቲሊን ለዚህ ሰው አይሆንም። ሰርትራሊን ግን በ2002 በ369 የልብ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ለልብ አደገኛ ሆኖ አልተገኘም። ደግሞም ዕድሜ ባይጨምር እንኳ ድባቴ ራሱ ሰው የሚያሰቃይ በሽታ ነው። ስቃዩን ለማቅለል ሞት እስኪቀንስ መጠበቅ አለብን?

ተቃዋሚ፦ የለብንም። ስቃዩ ይታከም። ግን ታማሚውን «ይህ ልብህን ያድናል» አንበለው፣ አልተረጋገጠማ! የሚጠይቀውም ሐኪም መልሱን ሰምቶ ወዴት እንደሚልከው አስቀድሞ ይወቅ።