ከሱሺው በፊት ማቀዝቀዣው

በጎንደር ስለ ምግብ ቤቶች የምንሰጠው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ፍርድ አያልፍም፤ አንዱ «ይጣፍጣል» ነው፣ ሌላው «ድሮ ቀረ» ነው። ስለ ቢራ ስንከራከርም ከዚህ ብዙ አንርቅም። አንዱ ዳሽን የከተማው ልጅ በመሆኑ ብቻ ይሟገትለታል፣ ሌላው የጊዮርጊስን ዕድሜ ይጠቅሳል፣ ክርክሩም ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አልፎ ወደ መጠጡ ሳይደርስ ይመሻል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለጥምቀትና ለሠርግ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን ሦስተኛ ርእስ ጨምረውልናል፤ ጎንደር ውስጥ ትክክለኛ ሱሺ፣ ያ በኮምጣጤ በታሸ ሩዝ ላይ ዓሣ የሚደረብበት የጃፓን ምግብ፣ የት ይበላል እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄውን እንደ ቅብጠት ቆጥሮ የሚሥቅ አለ፤ የከተማዋ ኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚያፍርበትም አለ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ሱሺ ለጎንደር ሩቅ የሆነው ጃፓን ሩቅ ስለሆነች ሳይሆን፣ እዚሁ የሚጠመቀውን ቢራና ከደጃችን የሚወጣውን የጣና ዓሣ እንኳ የምንይዝበት አያያዝ ገና ስላልተስተካከለ ነው።

ከቢራው እንጀምር፤ ቀላሉ ፈተና እርሱ ነውና። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተ የአገሪቱ የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካ ነው። ዳሽን በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ጎንደር ሲቋቋም ስሙን ከራስ ዳሽን ተራራ ወሰደ፣ በኋላም በደብረ ብርሃን ሁለተኛ ፋብሪካ ከፈተ። ፋብሪካ በአጠገቡ ያለው ጠጪ ከሌሎች የሚበልጥበት አንድ ጥቅም አለው፤ ቢራውን ሳይቆይ ማግኘት ይችላል። እኛ የምንጠጣው ዓይነት ቀለል ያለ ቢራ በመቆየት አይሻሻልም። ከፋብሪካው ከወጣበት ቀን አንሥቶ እየደከመ ይሄዳል፣ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ድካሙ ይፈጥናል፣ በመጨረሻም የራሰ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ያመጣል። ፀሐይም ጠላቱ ናት፤ ለቢራ ምሬቱን የሚሰጠው ሆፕ ብርሃን ሲያገኘው መጥፎ ሽታ ይፈጥራል፣ ቡናማው ጠርሙስም ይህን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። እንዲህ ሆኖ ሳለ የቢራ ሳጥኖችን በር ላይ ደርድሮ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የሚያስመታ ቤት ለማግኘት ከፒያሳ ብዙ መራመድ አያስፈልግም። በዚያ ቤት የተቀመጠ ሰው «የዘንድሮ ቢራ ተበላሸ» ሲል ጠማቂውን ይከሳል፣ ጥፋቱ ግን ከመንገዱ ዳር ነው።

ብርጭቆውም የራሱ ታሪክ አለው። የጥብስ ሳህን በታጠበበት ውኃ የታጠበ ብርጭቆ ቅባትና ሳሙና ይዞ ይቀራል፣ የቢራው አረፋም ገና ሳይቀመጥ ይጠፋል። ድራፍት ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል፤ ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው አፍ ያለው መስመር በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ በሚገባ ካልታጠበ እርሾና ሌላ ተሐዋስያን ይራቡበታል፣ ጃምቦውም ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይዞ ይመጣል። በዚህ ጉዳይ የጎንደር ጠላ ጠማቂ እናቶች ከብዙ ዘመናዊ ባር ይበልጣሉ ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንብኝም። ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ አፉን ከድነው የሚያስቀምጡት ዕቃው ራሱ የመጠጡ ክፍል መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ጉሹን ከቅራሪው ለይቶ የሚያውቅ ጠጪም ጠላው ሲበላሽ ጌሾውን ብቻ አይወቅስም፤ የጋኑን አያያዝ ይጠይቃል። ያንኑ ጥያቄ ለቢራ የማናነሣበት ምክንያት አይገባኝም።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ጣና ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሣ ያበላናል፤ ነጭ አሣ ከምንለው ወገን ውስጥ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ በርካታ ዝርያዎች እንዳሉ የዓሣ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ይህን የመሰለ ሀብት ይዘን በአብዛኛው ምግብ ቤት የምናገኘው ምንድን ነው? ሙሉ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ዱለት። በእነዚህ ምግቦች ላይ ነቀፌታ የለኝም፤ በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ከሎሚና ከአዋዜ ጋር ሲቀርብ ከእርሱ የተሻለ ምሳ እኔ አላውቅም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። የጋለ ዘይትና በርበሬ የዓሣውን ዕድሜ ይደብቃሉ፤ ዓሣው በበረዶ ይምጣ በማዳበሪያ፣ ትናንት ይውጣ ከትናንት በስቲያ፣ ሳህኑ ላይ ሲደርስ ልዩነቱን ለመለየት ያስቸግራል። አስተናጋጁን ብትጠይቁት «ትኩስ ነው» ይላችኋል፤ ትኩስ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከድስቱ የወጣበትን ሰዓት ነው።

የጾሙ ጉዳይም እዚህ ላይ ይገባል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በላይ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ የሥጋ ምግብ ከገበታ ሲወርድ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየጠረጴዛው ይነሣል። ክርክሩን ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ለምግብ ቤቱ ያለውን ትርጉም ብቻ ልናገር፤ ፈላጊው አንድ ሳምንት በዝቶ በሚቀጥለው ሲጠፋ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያድረው ዓሣ ስንት ቀን እንዳደረ የሚቆጥር ሰው ሊኖር ይገባል። ይህን የሚቆጥሩ ቤቶች አሉ፣ የማይቆጥሩም አሉ፣ ዋጋቸው ግን ተመሳሳይ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ስለ ፓስታ ይህን ያህል አልተጨነቅንም፣ ስለ ሱሺ ለምን?» ይላሉ። ጥሩ ተቃውሞ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ የፒያሳን ሕንፃዎች ሠርተው፣ ማኪያቶና ፓስታ አስለምደው ሄዱ። እኛም ፓስታውን በበርበሬ ስጎ ለውሰን፣ አንዳንዴም በእንጀራ ጠቅልለን በላነው። የሮማ ሰው ቢያየው ይደነግጥ ይሆናል፤ ማንም ግን አልታመመም። ደረቅ ፓስታ ከእርጥበት መራቅን እንጂ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ሱሺ ግን «ትክክለኛ» የሚለው ቃል የጣዕም ኩራት ብቻ ሳይሆን የጤና ጥያቄ የሚሆንበት ምግብ ነው።

ብዙዎቻችን ሱሺን ከጥሬ ዓሣ ጋር አንድ አድርገን እናያለን። ታሪኩ ግን ከሐይቅ ይጀምራል ቢባል ያስኬዳል። በጃፓን ትልቁ ሐይቅ ቢዋ ነው፤ ስፋቱ ወደ 670 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከጣና ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። በዚያ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ፉናዙሺ የሚባል ምግብ ያዘጋጃሉ፤ የሐይቁን ዓሣ ለወራት በጨው አስቀምጠው፣ ከዚያ በበሰለ ሩዝ መካከል ጠቅጥቀው፣ ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲብላላ ይተዉታል። ሩዙ ዓሣውን ከመበስበስ የሚጠብቅ ነበር እንጂ ምግቡ እርሱ አልነበረም። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው፣ በእጅ ተጠፍጥፎ ዓሣ የሚደረብበት ሱሺ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ የመንገድ ዳር ሻጮች ዘንድ ነው። ሳልሞንን ጥሬውን በሱሺ መብላት ደግሞ ከዚያም የቅርብ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኖርዌያውያን ዓሣቸውን ለጃፓን ለመሸጥ ብዙ ከደከሙ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ስለዚህ ሳልሞን የሌለበት ሱሺ ሱሺ አይደለም የሚለን እንግዳ፣ በትሕትና ቢሆንም፣ ልንሞግተው እንችላለን።

ጥሬ መብላት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በፋሲል ግቢ የሚገኘው የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽ ለግብዣ የተሠራ ነው፣ ቁርጥም የዚህ አገር ግብዣ የቆየ ክብር ነው። ሐዋሳ የሄደ ሰው ደግሞ በአሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥል ማባያ ሲበላ አይቷል። ነገር ግን ቁርጥ በላተኛው ሁሉ የሚያውቀው ዋጋ አለ፤ ኮሶ ይባላል። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋን ሲበሉ መድኃኒቱንም በየጊዜው ይጠጡ ነበር፣ ማለትም አደጋውን ያውቁት ነበር። የዓሣ ትሎች ግን በኮሶ አበባ የምንገላገላቸው አይደሉም፣ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ደግሞ በጥሬው ሲበላ ከባሕር ዓሣ ይልቅ የሚያሰጋ ነው። የጃፓን ምግብ አዋቂዎች የሐይቅ ዓሣን ያብላሉታል፣ ያበስሉታል፤ ጥሬውን ማቅረቡን ግን ብዙዎቹ ይሸሹታል።

ሌላም ልዩነት አለ። የእኛ ቁርጥ ክብሩ ጠዋት ታርዶ በዚያው ሰዓት መበላቱ ነው፤ ሱሺ ደግሞ በቅዝቃዜ የሚኖር ምግብ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥሬው የሚበላ ዓሣ ትሎቹ እንዲሞቱ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰባት ቀን እንዲቆይ ይመክራል። ሰባት ቀን ሙሉ፣ መብራት ሳይቋረጥ። የጎንደር ነዋሪ ይህን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። ጄኔሬተር ያለው ቤት እንኳ ነዳጁን የሚቆጥበው ለሙዚቃውና ለመብራቱ ነው እንጂ ሌሊት ለማቀዝቀዣው አይደለም። ከባሕር ዳርቻ አገር በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያችን የሚመጣ ዓሣ በእያንዳንዱ ማረፊያ ሳይሞቅ መድረሱን የሚያረጋግጥ ሰው ከሌለ፣ «ትክክለኛ ሱሺ» የሚለው የሜኑ ጽሑፍ ከደፋርነት የዘለለ ትርጉም የለውም።

ሩዙ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ እዚህ ላይ ከተማችን ከብዙዎች ትቀድማለች። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ያለበት ሩዝ ማምረት ጀመረ፤ ገበሬው ኤክስ ጅግና የሚለው ዝርያም እስከ ዛሬ በሰፊው ይዘራል። በኋላም የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት በፎገራ ለሚካሄደው የሩዝ ምርምር ድጋፍ ሰጥቷል፤ ጃፓን በሱሺዋ ሳይሆን በሩዝ ዕውቀቷ ቀድማ ደርሳናለች ማለት ነው። የፎገራ ሩዝ ከውጭ እንደሚመጣው ረጅም ሩዝ የሚበታተን አይደለም፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ እስከ መሆን ደርሷል። ችግሩ ወፍጮው ላይ ነው፤ ፍሬው ተሰባብሮ፣ ትልቁና ትንሹ ተደባልቆ በአንድ ጆንያ ይሸጣል፣ ሱሺ ደግሞ ያልተሰበረና እኩል የሆነ ፍሬ ይፈልጋል። ሌላው እንቅፋት ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ የሩዝ አሠራር እዚህ ልቡ ያልበሰለ ሩዝ ያወጣል፣ ስለዚህ እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስል ድስት ግድ ይላል። ከበሰለ በኋላ በትኩሱ ኮምጣጤ፣ ስኳርና ጨው ይገባበታል፣ ለብ ባለበት ይቀርባል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ የሱሺ ሩዝ ይደርቃል።

እንግዲህ ሱሺ መሞከር የሚፈልግ የጎንደር ምግብ ቤት በጥሬ ዓሣ እንዲጀምር አልመክርም። በደንብ የበሰለ ወይም በጢስ የተጠበሰ የጣና ዓሣ፣ የተለቀመ የፎገራ ሩዝ፣ አቮካዶና ኪያር ይበቃዋል፤ የኪያርና የአቮካዶው ጥቅል ደግሞ የጾም ምግብ ስለሆነ በሁዳዴም ገበያ አያጣም። ከሱሺ ጋር የሚቀርበውን የሚያቃጥል አረንጓዴ ማባያ፣ ዋሳቢን፣ አላገኘሁም ብሎ የሚጨነቅ ካለ፣ በዓለም ላይ በዋሳቢ ስም የሚቀርበው አብዛኛው ነገር አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሌላ የሚያቃጥል ሥር መሆኑን ይወቅ፤ የእኛ ሰናፍጭ ከዚያ አያንስም። የቱሪስቱ እግር በኮሮናና በጦርነቱ ባጠረበት ጊዜ ባለ ምግብ ቤቱ አዲስ ነገር ፍለጋ ቢወጣ አልፈርድበትም። ከፋሲል ግቢ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘውን የአራት እኅትማማቾችን ምግብ ቤት እንግዶች የሚወዱት ግን ሩቅ አገር ስለቀዳ አልነበረም፤ የራሱን ምግብ አሠራሩን ሳይደብቅ ስለሚያቀርብ ነው።

በሜኑ ላይ የሳልሞን ሱሺ ፎቶ ያየ ደንበኛ ከማዘዙ በፊት አስተናጋጁን ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ዓሣው በየት በኩል መጣ፣ መብራት ሲጠፋስ ማቀዝቀዣው በምን ይሠራል? አጥጋቢ መልስ ካላገኘ ቆሮሶ ጥብስ ይዘዝ፣ ቢራውም ከውጭ ካለው ሳጥን ሳይሆን ከጓዳ እንዲመጣለት ይንገር።