ከስልሳው ፖሊስ መንገድ ላይ ያሉት ስድስት ናቸው

አንድ አካባቢ ቅሚያና ሌብነት ሲበዛበት ከነዋሪውም ከምክር ቤቱም የሚሰማው ያው ጥያቄ ነው፤ «ፖሊስ ይጨመርልን»። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ለዚህን ያህል ሺህ ሕዝብ ይህን ያህል ፖሊስ የሚል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለሪፖርት ይመቻል፤ ለስምሪት ግን አይረባም። የሕዝባቸው ብዛት እኩል የሆኑ ሁለት አካባቢዎች፣ አንዱ ገበያና መናኸሪያ ካለው፣ ሌላው ደግሞ ሰው ለማደር ብቻ የሚገባበት ከሆነ፣ የሥራ ጫናቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ቆጠራውን ከሰዓት መጀመር ይሻላል።

አንድ የፓትሮል ቦታ ሌት ተቀን ሰው እንዳይለየው ከተፈለገ በዓመት 8,760 ሰዓት መሸፈን አለበት። ለአንድ አባል ከ365 ቀን ላይ 104 የሳምንት ዕረፍት፣ 30 የዓመት ፈቃድና የበዓል፣ 10 የሥልጠና፣ 6 የሕመም ቀን ብንቀንስ 215 የሥራ ቀን ይቀራል። በቀን 8 ሰዓት ሲባዛ 1,720 ሰዓት ይሆናል። 8,760 ለ1,720 ሲካፈል ከ5 ትንሽ ያልፋል። አንድ ሰው ዘወትር ቦታው ላይ እንዲታይ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ በጥንድ የሚሠራ ከሆነ አሥር።

አሁን 60 አባላት ያሉትን ጣቢያ እናስብ። 10 መርማሪዎች፣ 6 መዝገብ ቤትና አስተዳደር፣ 5 የጣቢያው በር፣ 5 የተጠርጣሪዎች ማቆያ፣ 4 ተጠርጣሪ ወደ ፍርድ ቤት አመላላሽ ሆነው ይመደባሉ። የቀሩት 30 ለአምስት ሲካፈሉ ስድስት ይሆናሉ። ወረቀት ላይ ስልሳ ሰው ያለው ጣቢያ በማንኛውም ሰዓት መንገድ ላይ ያለው ሦስት ጥንድ ነው። አንዱ ጥንድ ተጠርጣሪ ይዞ ገብቶ ቃል ሲያስመዘግብና ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ሲያስረክብ ሁለት ይቀራሉ። የአንዱ መኪና ጋራዥ ከገባ ደግሞ አንድ። ደዋዩ «ጠብቁ፣ መኪና የለም» የሚባለው ተረኛው ስለሰነፈ አይደለም፤ ሒሳቡ ቀድሞ ስለጨረሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቅጥር አይመስለኝም። በር የሚጠብቁትን አምስቱንና ከመዝገብ ቤቱ ስድስት ሰዎች አምስቱን በሲቪል ሠራተኞች መተካት አሥር ፖሊስ ያስለቅቃል። ይህ ሦስቱን ጥንድ አራት ያደርጋል። እርምጃው የሚከሽፈው በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የሲቪል መደብ ስለሆነ ነው። መደቡ ሲታጠፍ ሥራው አይጠፋም፤ ፖሊሱ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ጥንዱም በዝምታ ይፈርሳል።

ሌላው ጉድለት ፈረቃው ነው። ሠላሳውን ሰው ለሦስት እኩል መክፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ጥሪው ግን እኩል አይመጣም። በቀን ከሚመጡ 20 ጥሪዎች አሥሩ ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚደርሱ ከሆነና እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ከፈጀ፣ ሦስቱ ጥንዶች በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ካላቸው ጊዜ 42 በመቶው በጥሪ ብቻ ይያዛል። ይህ አማካይ ነው፤ ሦስት ጥሪ በአንድ ጊዜ ከመጣ ለአራተኛው የሚደርስ የለም። በዚያ ላይ የፈረቃ መለዋወጫው ልክ ምሽት 12 ላይ ከሆነ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት መኪናዎቹ ሁሉ ርክክብ ላይ ናቸው። መፍትሔው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 የሚሠራ ተደራቢ ፈረቃ ማቆምና ርክክቡን በግማሽ ግማሽ ሰዓት ማፈራረቅ ነው።

የሚወጣው ኃይል የት ይሂድ? በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 በተጀመረው ጥናት 15 የፓትሮል ቀጠናዎች በሦስት ተከፍለው ነበር። በአምስቱ መደበኛ ፓትሮል ቀርቶ ፖሊስ የሚገባው ሲጠራ ብቻ ሆነ፣ በአምስቱ እንደነበረ ቀጠለ፣ በአምስቱ ፓትሮሉ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ተጨመረ። በወንጀሉም በነዋሪው ስጋትም ጉልህ ልዩነት አልታየም። በመኪና ዝም ብሎ መዞር ነዳጅ ይፈጃል እንጂ ብዙም አይከላከልም። እዚያው አሜሪካ በሚኒያፖሊስ ደግሞ ከአድራሻዎች 3 በመቶ ያህሉ ብቻ የፖሊስ ጥሪውን ግማሽ እንደሚያመነጩ ታወቀ። በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ2009 ግጭት በሚበዛባቸው 60 ትንንሽ ቦታዎች የእግር ፓትሮል ሲመደብ፣ ከማነጻጸሪያዎቹ ጋር ሲተያይ የኃይል ወንጀል በ23 በመቶ ቀነሰ። ወንጀል በሚደጋገምበት በእንዲህ ያለ ትኩስ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ መቆም አያስፈልግም፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ፣ ከባለሱቁም ከተላላፊውም ጋር ተነጋግሮ መሄድ፣ ከዚያም ባልተጠበቀ ሰዓት መመለስ ይበቃል። ያንን ደቂቃ በጅምላ ፍተሻ ያጠፋ ፖሊስ ግን ነገ የሚደውልለት ሰው ያጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ወጥመድ አለ። ስምሪት በጥሪ ብዛት ብቻ ከተሠራ፣ ፖሊስን የማያምን ወይም ደውሎ የታከተው ሰፈር ሰላማዊ መስሎ ይታያል፤ የተመደበለት ፖሊስ ይነሣል፣ ደዋዩም ይብስ ያንሳል። በዌልስ የካርዲፍ ከተማ ለዚህ ዘዴ አግኝታለች። ተደብድቦ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው ጉዳቱ የት፣ መቼና በምን እንደደረሰበት ይጠየቃል፤ ስሙ ተወግዶ መረጃው ለፖሊስና ለከተማው ይሰጣል። ለፖሊስ ያልተነገረው ጥቃት ካርታው ላይ የሚወጣው እንዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሰው ሊጎድል ይችላል፤ ያኔ መጨመር ተገቢ ነው። ነገር ግን በዓመት ስድስት የሚለቁበት ጣቢያ ስድስት ቢቀጥር አልጨመረም፤ ሥልጠና ላይ ያለ ምልምልም ለመንገዱ ገና ዜሮ ነው። በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤት ከጣቢያው አንድ ገጽ ይጠይቅ። ሃያ አራት መስመር ይኑረው፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ። በየመስመሩ ስንት ጥሪ እንደመጣ፣ ስንት ጥንድ ውጭ እንደነበረ፣ ስንት መኪና እንደቆመና ስንት ደዋይ ከ30 ደቂቃ በላይ እንደጠበቀ ይጻፍበት። ገጹም በየሦስት ወሩ ነዋሪው በሚያነበው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።