ካርታው ቢሞቅም ውርጩ አልቀረም

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ዊንተሩ እየለዘበ ስለሆነ ጌሾና ኮሰረታችሁን ውጭ ትከሉ» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። እኔ ሜሪላንድ ከገባሁ 30 ዓመት አልፎኛል። ጃንዋሪ 1994 ላይ ዋሽንግተን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ያኔ እንኳን ኮሰረት፣ የመኪናችን ባትሪም አልቻለውም። አሁን እንዲያ ያለ ብርድ ብርቅ ሆኗል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2023 ያወጣው የተክሎች የብርድ ካርታም (የትኛው ተክል የየትኛውን አካባቢ ብርድ እንደሚችል የሚያሳየው)፣ ከ2012ቱ ጋር ሲተያይ፣ የአገሪቱን ግማሽ ያህል ከነበረበት ወደሚሞቀው ግማሽ እርከን አሸጋግሯል።

ግን ካርታው የሚያሳየው አማካይ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ የየዓመቱን እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት ደምሮ ለ30 ያካፍላል። ተክል ደግሞ በአማካይ አይሞትም፤ አንዲት ክፉ ሌሊት ትበቃዋለች።

የኔን ጌሾ የገደለው እንዲያውም ሙቀቱ ነው ብል ይቀለኛል። ፌብሩዋሪ ላይ ሞቅ ሲልለት ጸደይ የገባ መስሎት ለጋ ቅጠል አወጣ። ማርች መጨረሻ ላይ ውርጭ መታውና በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። ድሮ ብርዱ ሳያቋርጥ ስለሚቆይ ተክሉ ተኝቶ ይከርም ነበር። አሁን ይሸወዳል።

ስለዚህ ኮሰረቴ ባልዲ ውስጥ ነው፣ ኦክቶበር ላይ ቤት ይገባል። ጤና አዳሟን ግን ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር ተክያታለሁ። ውሃ የማይቋጥር አፈር አግኝታ፣ ደረቅ ቅጠል ለብሳ፣ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።