ይድረስ ለክቡር ክብ ማህተም

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ስለተዘጋ አልተሰጠም
ቀን፦ «ነገ ተመለሱ» በተባልን ማግስት
ጉዳዩ፦ ወደ ሥራ ገበታዎ እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መሳቢያው አልቀዘቀዘዎትም? እኛ ደህና ነን። እኛ ስል አምስት ነን፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን በርበሬ፣ ሽሮና በሶ የምናዘጋጅ የባልትና ሰዎች። ደህና ነን ያልኩትም ለደብዳቤ ወግ ያህል ነው።

ላያስታውሱን ይችላሉ። መጀመሪያ የተገናኘነው የመደራጃ ደብዳቤያችን ላይ ነበር። ያን ቀን ቀለም አንሶዎት ግማሽ ጨረቃ ሆነው ወጡ። አበዳሪው ተቋም «ማህተሙ አይነበብም» ብሎ መለሰን። ስንመለስ ማህተም ያዧ ለቅሶ ሄዳለች። (ነፍስ ይማር። በዚያ ዓመት ብቻ ሦስት አጎቶቿን ቀብረናል። እኛም እንደ ዘመድ ማዘን ጀምረን ነበር።)

ብድሩ የዛላ በርበሬ መግዣ ነው። በርበሬ ደግሞ እንደ እርስዎ አይደለም፤ ወቅቱን ያከብራል። ከጥቅምት ወዲያ አዲሱ ዛላ ከሃላባና ከማረቆ ሲገባ ዋጋው ረገብ ይላል። ክረምት ሲቃረብ እሳት ይሆናል። ባልትና ቤት የሚባለው በጊዜ ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሚያስቀምጥ ነው። ሐምሌ ላይ የተሰጣ በርበሬ ይሻግታል። ይህን እናታችንም ታውቃለች፤ የብድር ፎርሙ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ገና በመስከረም አመለከትን። «20 በመቶውን ቆጥቡ፣ 80 በመቶውን እናበድራለን» ተባልን። ቆጠብን። ቲን ነምበር፣ ንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል፣ ሁሉንም አቀረብን። የአንዱ ባልደረባችን «ያላገባ» ማስረጃ ግን እርስዎን ሲጠብቅ ጊዜው አለፈበት። ሁለተኛው እስኪወጣ ልጁ አገባ። አሁን ሚስቱም ትፈርም ተባለ። እሷም ቀበሌ ሄደች። እርስዎ የሉም።

ዋስ ስናጣ ብልጥ ነን ብለን አዋጅ ጠቀስን። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤት የሌለው ሰው ማሽኑን፣ ሸቀጡን፣ ከብቱን ሳይቀር አስይዞ እንዲበደር ያስችላል። ወፍጯችንን እናስይዝ አልን። ባለሙያው በትህትና ሰማንና «አዋጁን አውቀዋለሁ፤ መመሪያ አልወረደልንም» አለ። አዋጁ ወጥቶ መመሪያው የት ላይ እንደቀረ እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም።

ታላቅ ወንድሜ ይስቅብናል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመደብ እሱም ወጣት ነበር። «ፈንዱን እንጃ፣ እኔ ግን በደንብ ተዘዋውሬያለሁ» ይላል።

እውነቱን ልንገርዎ፣ አንዳንዴ ያሳዝኑኛል። በ2010 የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ሲወጣ ጡረታዎ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ፋይዳ መጣ። ስልኬን አውጥቼ ፋይዳዬን በኩራት አሳየሁ። «ፕሪንት አድርገህ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። ልጅቷ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ እኮ ማህተም የለውም» አለችኝ።

ብቻ ብሩ ሰኔ 27 ተለቀቀ። በጀቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው! ርክክቡ ደማቅ ነበር። ፎቶ አንሺው በሰዓቱ መጣ። ከካርቶን የተሠራ፣ በር የሚያህል ቼክ አሸከሙን። እርስዎም ቼኩ ላይ ነበሩ፤ የትሪ ያህል ሆነው፣ ጥርት ብለው። አንድም ፊደል አልጎደለዎትም።

በጥቅምት አሥር ኩንታል ዛላ የሚገዛ ብር በሰኔ ስድስት ኩንታል እንኳ አልሞላም። ያንንም በዝናብ መሀል የት እናስጣው? ወለዱ ግን ክረምት ከበጋ አይልም፤ ይቆጥራል። በሪፖርቱ «ለአምስት ዜጎች ቋሚ የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ተብለናል። ይሄ ውሸት የለውም። ከመስከረም እስከ ሰኔ ሙሉ ቀን እንሠራ ነበር። ወረፋ መጠበቅ።

ሐምሌ ላይ ግን አስደነቁኝ። የግብር ደብዳቤ በር ድረስ መጣ። ከሥሩ ጉብ ብለዋል፤ ክብዎ ሙሉ፣ ቀለምዎ ገና ያልደረቀ። ጠየቅሁ፤ ያዧም ለቅሶ አልሄደችም።

እና ክቡር ሆይ፣ ብሩ ይጨመርልን አላልንም። ወለዱም ይቀነስ አላልንም። በጥቅምት ይምጡልን ነው። በሐምሌው ፍጥነትዎ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ አለው። ማህተም… ያው እንደሚያውቁት።)

ግልባጭ፦
ለግብር ሰብሳቢው ክፍል፦ ማህተሙ እዚያ ከሆነ በአደራ እንዲልኩልን።
በሕይወት ላሉ የማህተም ያዧ አጎቶች፦ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ራሳቸውን እንዲጠብቁ።