«ከመቼ ጀምሮ?»

ደሴ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መቀባጠር ከጀመሩ ፍርዱ ቅርብ ነው። «ጃጅተዋል» ይባላል፣ አለቀ። ከዚያ ዱአ ይደረጋል ወይም ጸበል ይታሰባል። እኔ ከዱአውም ከጸበሉም ጠብ የለኝም። ጠቤ ከዚያች ቃል ጋር ነው።

አምና ክረምት አጎቴ ሐሙስ ዕለት ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ቦታ ወርደው፣ ነጋዴውን በክርክር አድክመው በግ ገዝተው ተመለሱ። ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። እሑድ ሌሊት ግን ከሞቱ ወንድማቸው ጋር ሲያወሩ አደሩ። ብርድ ልብሱን ይለቅማሉ፣ «በቅሎዋን ጫኑልኝ» ይላሉ። ጠዋት ደህና ናቸው። ከሰዓት ያንቀላፋሉ። ሲመሽ እንደገና ይብስባቸዋል። ልጃቸው ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲደርስ «አባዬ ጃጀ» ብሎ አለቀሰ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። «ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው? የተወለዱትስ መቼ ነው?» ተባሉ። አጎቴ ደህና ሆነውም ይህን አያውቁት። ዘመን የሚቆጥሩት «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት፣ በኋላ» እያሉ ነው። «እርጅና ነው» ተብለን ተመለስን።

ሁለተኛው ቦታ አንዲት ነርስ ወደ ባለቤታቸው ዞር አለች። «እማማ፣ እንዲህ የሆኑት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዓርብ።»

«ሽንትስ?»

ዝም። ሆዳቸውን ስትነካ ፊኛቸው ተወጥሯል። ነገሩ ከጉንፋን ኪኒን ነበር። ብርዱ ሲጠና ከመድኃኒት ቤት የተገዛ፣ እንቅልፍ የሚጥል ዓይነት። የፕሮስቴት ዕጢው ያበጠበትን ሰው እንዲህ ያለው ኪኒን ሽንት ሊዘጋበት ይችላል፣ አእምሮንም በቀጥታ ያደናግራል። ቱቦ ገባ፣ ኪኒኑ ቆመ። በሳምንቱ ቀልባቸው ተመለሰ።

ሐኪሞች ይህን ዴሊሪየም ይሉታል። ቀልብ የምትለው የእኛ ቃል ግን በደንብ ትገልጸዋለች። ዲሜንሺያ፣ ማለትም የመርሳት በሽታ፣ በወራትና በዓመታት እየተሳበ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ትዝታን ነው። ዴሊሪየም በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰውየው ሐሳቡን መያዝ ያቅተዋል። ከኋላው የሳንባ ምች፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የፈሳሽ እጥረት ወይም የስኳር መውረድ ሊኖር ይችላል። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ለዴሊሪየም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እና የሚጮኸው ብቻ አይደለም። ድንገት ዝም ብሎ ጥቅልል ያለው በሽተኛ «አረፈልን» ተብሎ ይታለፋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ፎር ኤ ቲ የሚባል ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ መመርመሪያ አለ። ንቃትን ያያል፣ ለውጡ ድንገተኛ መሆኑን ይጠይቃል፣ ወራትን ወደ ኋላ ያስቆጥራል። ጥሩ ነው። ግን የልደት ቀንና ዓመተ ምሕረትም ይጠይቃል። ወራቱስ ቢሆኑ? የእኛ 13 ናቸው፣ ጳጉሜን ጨምሮ። ላልተማረ ሰው የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ማስቆጠር ይቀላል።

ከሁሉም በላይ ግን አስታማሚን «ውጪ ጠብቁ» ማለት ይቅር። ሐሙስ በግ መገዛቱን የሚያውቀው ካርዱ አይደለም፣ አጠገባቸው ያደረችው ሴት ናት። ቀስ ብሎ የመጣ መርሳትም ቢሆን ሳይመረመር «እርጅና» አይባል። ታይሮይድ ወይም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ሊሆን ይችላል። ከሳምንታት በፊት ወድቀው ከነበረ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል።

አጎቴ ዓመተ ምሕረቱን ዛሬም አያውቁም። ያን በግ ስንት እንደገዙት ግን ይነግሯችኋል፣ ነጋዴው መጀመሪያ የጠራውን ዋጋ ጭምር።