ከታቹ ጥሬ ለሆነው ፒዛ የቀረበ ውዳሴ

እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች በእንጀራና በዳቦ ላይ ያለን ጭካኔ የታወቀ ነው። እንጀራው ዓይን ያላወጣ እንደሆነ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ እንደሆነ ወይም ድፎ ዳቦው ሲቆረስ መካከሉ ሊጥ ሊጥ ያለ እንደሆነ፣ ገበታው ሳይነሣ የጋጋሪዋ ሞያ ሰፈሩን ዞሮ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ ጭካኔ መካከል አንድ ምሕረት መብቀሉን አይቶ አለማመስገን ግን ንፉግነት ነው፤ ይኸውም በደብረ ብርሃን ሳሎኖች ውስጥ በልደት፣ በምርቃትና በበዓል ማግስት ለሚቀርበው የቤት ፒዛ ያደረግነው ምሕረት ነው። ከላይ ቀይና ቢጫ ሆኖ እስከ ቀረበ ድረስ ታቹን ገልብጦ የሚያይ አንድ እንግዳ አይገኝም።

የዚህ ሞያ ቀዳሚ ክብሩ ከትዕግሥት ነፃ መሆኑ ነው። ያችው ባለሞያ ለእንጀራ ሲሆን ምጣዱ በደንብ ሳይግል፣ የተፈጨ ጎመን ዘር ነስንሳ በማሰሻ ሳታስሰው አንዲት ጭላፊ ሊጥ አታፈስበትም፤ ባልሞቀ ምጣድ ላይ ጋግሪ ብትባል እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች። ፒዛ ሲሆን ግን ሊጡን በቀዝቃዛ ትሪ ላይ ትዘረጋለች፣ ትሪውን በቀዝቃዛ ኦቨን መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች፣ ቁልፉን የምታዞረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወፈር ያለ ብረት ወይም የመጋገሪያ ድንጋይ ከኦቨኑ ውስጥ አስቀምጦ፣ እስከ መጨረሻው ማለትም የቤት ኦቨን እስከሚችለው 250 ዲግሪ ድረስ ለ45 ደቂቃ ወይም ለአንድ ሰዓት ካጋሉ በኋላ ሊጡን በዚያ ላይ ማሳረፍ፣ ሙቀቱ ከታች በኩል ወዲያው እንዲመታው ያደርጋል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ይሰማል። እነዚህ ሰዎች የመብራት ካርድ የሚሞላላቸው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ክብሩ ልግስናው ነው። እንግዳ የሚከበረው በተደራረበ ምግብ ነውና፣ ውኃው መጠጥ ሳይል የወረደ ስልስ በጭልፋ ይፈስበታል፤ በዚያ ላይ በክብ የተቆረጠ ጥሬ ቲማቲም ይደረደራል፤ ቀጥሎም ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይቱ ያልተጨመቀ ቱና፣ የተረፈ ካለም ሞርታዴላ ይከተላል፤ በመጨረሻም ጉዳዩ ሁሉ በቺዝ ይከደናል። ቲማቲም ከክብደቱ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ውኃ መሆኑን፣ እንጉዳይና ሽንኩርትም ከዚያ ብዙ የማይርቁ መሆናቸውን እያወቁ መቆጠብ ለእንግዳ ስስት ይሆናል። የጣሊያኗ የናፖሊ ከተማ ሰዎች ግን በዚህ ረገድ ንፉጎች ናቸው። ማርጋሪታ ለምትባለው ፒዛቸው ጥቂት የቲማቲም ስልስ፣ ጥቂት ሞዛሬላ ቺዝ፣ አንድ ሁለት የበሶብላ ቅጠልና የዘይት ጠብታ ብቻ ያደርጉና፣ ከ430 ዲግሪ በላይ በጋለ የእንጨት ምድጃ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ አቆይተው ያወጡታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ችኮላና ስስት የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዘገበው። (ጣሊያን በወረራው ዘመን ጣርማበር ላይ ተራራ በስቶ ዋሻ እስከ መሥራት የደረሰ ሲሆን፣ የምድጃውን ነገር ግን ሳይነግረን መሄዱ ሳያስብበት አልቀረም።)

የተፈጥሮ ሕግም ከባለሞያዎቻችን ጎን መቆሙ ሊመሰገን ይገባዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በስልስ የራሰ ሊጥም ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ሙቀት ብዙ ሊዘል አይችልም። ሊጥ ቡናማ ቀለም መያዝና መኮርሸም የሚጀምረው ደግሞ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ቺዝ እሳቱን ቀጥታ ተቀብሎ ሲቀላ፣ ከታች ያለው ሊጥ ከሥር ቀዝቃዛ ትሪ፣ ከላይ ስልስ ይዞት በእንፋሎት እየተቀቀለ ይቆያል። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ መጋገርም መፍትሔ አይሆንም፤ እዚያም ቢሆን ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነውና ሊጡን ከመራስ የሚያድነው ቆላ የለም።

የኦቨኑን በር በየሁለት ደቂቃው እየከፈቱ «ደረሰ?» ማለት፣ ሲደርስም አስቀድሞ ፎቶ ማንሣት የሥርዓቱ አካል ስለሆነ ብዙ አላወራበትም። ይልቅ ከወጣ በኋላ ያለው አያያዝ ልብ ይነካል። እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ እንዳያልበው በሰፌድ ላይ ይዘረጋል፤ በስንደዶው መካከል አየር ያልፋልና። ፒዛው ግን እንደ ጋለ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ተኝቶ፣ እንዳይቀዘቅዝ ተብሎ በፎይል ይሸፈናል፤ ከላይ የወጣው እንፋሎት ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ ከታች የወጣውም መሄጃ አጥቶ ሳህኑ ላይ ላብ ይሆናል። በድንገት በስሎ የነበረ ጥግ ቢኖር እንኳ በዚህ አኳኋን ወደ ወንድሞቹ ይመለሳል።

ከዚያ ወደ ገበታው እንቅረብ። አስተናጋጇ አንዱን ቁራጭ በቢላ ጫፍ ስታነሣው ሹል አፉ ወደ መሬት ይንጠለጠላል፤ ቺዙ ቱናውን ይዞ ይንሸራተትና ሳህኑ ላይ ከፒዛው ቀድሞ ይደርሳል። እንግዳው በግራ መዳፉ ከሥር ይደግፈዋል። ታቹ ነጭ ነው፤ የትሪው ጭረት ሳይቀር ታትሞበታል፤ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታም ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። እንግዳው ጠርዙን ብቻ ዙሪያውን ይቆረጥምና መካከሉን በናፕኪን ሸፍኖ ወደ ጎን ያደርገዋል። «ምነው፣ አልበላህም እኮ! አፈር ስሆን!» ይባላል። «ኧረ በላሁ፣ እጅሽ ይባረክ፤ እንዴት ለስላሳ ነው!» ይላል። በጨዋነት የምንታወቅ ሕዝብ መሆናችን እዚህ ላይ ይታያል፤ ይህችው ምስጋናም በሚቀጥለው ልደት ስልሱ በአንድ ጭልፋ እንዲጨመር ምክንያት ትሆናለች።

ሥርዓቱን ያፈረሱ ሰው አልታጡም። አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን፣ የልጅ ልጃቸው ፒዛ አምሮት ቢያስቸግራቸው፣ ኦቨን የለኝም ሳይሉ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን አጋሉ፤ ጥቂት ውኃ በጣታቸው ረጭተው እንደ ዕንቁ ሲንከባለል እስኪያዩ ድረስ ጠበቁ። ሊጡን በመዳመጫ አሳስተው ምጣዱ ላይ ጣል አደረጉት፤ ስልሱን ቀድመው እሳት ላይ አድርቀውት ስለነበር በስሱ ቀቡት፤ ቺዝ ቆጠብ አድርገው በአክንባሎ ከደኑት። ቺዙ ሲቀልጥ በሰፌድ አወጡት፤ ሲቆርሱት ድምፅ ሰጠ፤ ቁራጩ በአንድ እጅ ተይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ታቹም ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት።

እኛ በእንግድነት የተገኘነው ሰዎች ተያየን። ከመካከላችን ደፋሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እማማ፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ብቻ ከታች ትንሽ አረረ እኮ» አላቸው። ሌሎቻችንም ሰውን ማሳፈር ስለማንወድ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ምጣዱ ሳይግል ቢዘረጉት እንደሚሻል በትሕትና መከርናቸው።