ጥፍር ላይ ቀጥ የሚል ወተት

የጅማ ሰው ወተት ያውቃል። አንድ ጠብታ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጠብ ያደርጋል። ጣቱን ዘንበል ያደርጋል። ጠብታዋ ተንሸራታ ከወረደች ሻጯ አለቀላት፤ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል። ቀጥ ብላ ከቆመች ግን ምርመራው ተጠናቀቀ። ወረፋ የለ፣ ክፍያ የለ፣ «ለውጤቱ ነገ ና» የለ። «ውሃ የለበትም» ይባልና በጣሳ ይቀዳል። እዚያው ቆሞ ግጥም!

ከተማችን የእንስሳት ሐኪም የሚሠለጥንበት ዩኒቨርሲቲ አላት። ልጆቹ ስንት ዓመት ለፍተው ይመረቃሉ። እኛ ግን ጥፍር ይዘን ተወልደናል።

እኔም ከሊቃውንቱ አንዱ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሃይላንዴን ይዤ ደንበኛዬ እማማ ዘንድ እሄዳለሁ። ቤታቸው ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ሃይላንዱ ለዚህ ሥራ ከተመደበ ሦስት ወር አልፎታል፤ ወገቡ ላይ ያለውን ስርጉድ የትኛውም ጣት ገብቶ አጥቦት አያውቅም። እማማ ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው ያልባሉ። ላሟ ጭራዋን እበት ውስጥ አጥቅሳ ስታወናጭፍ አንዷ ፍንጣቂ ባልዲው ውስጥ አረፈች። እማማ አልደነገጡም። በትንሿ ጣታቸው አወጡና ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ቀጥሎ ወተቱን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጠለሉት። የጥራት ቁጥጥር እንዲህ ነው።

«እማማ፣ ዛሬስ ውሃ አልነካውም?» አልኩ።

«ወላሂ ጠብታ የለበትም! እኔ አላህን አልፈራም እንዴ ልጄ?»

እውነታቸውን ነው። እኚህ ሴት በሕይወታቸው ወተት ላይ ውሃ ጨምረው አያውቁም። በዚያ ይማላል። እኛም ከዚያ ሌላ የምንጠይቀው ነገር የለንም። ላሟ ታማ ታውቃለች? ተመርምራለች? ጡቷ ቆስሏል? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነገረኛ ነው፤ ወተት ሳይሆን ጠብ ሊገዛ የመጣ።

«ታዲያ አፍልተህ ጠጣዋ» የሚሉም አሉ። ወተት ሲፈላ ኃይሉ ይሞታል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ማስረጃ ካስፈለገ አያቶቻችን አሉ። ጥሬውን ጠጥተው መቶ ዓመት ኖሩ። በልጅነታቸው የሞቱት ወንድምና እህቶቻቸውስ ምን ጠጥተው ነበር? እነሱ ለምስክርነት ስላልቀረቡ ክሱ ተዘግቷል።

ደግሞ ከሰል ተወዷል። ጅማ ላይ ከሰል ለቁም ነገር ነው የሚቀመጠው። ለቡና። ቡናውን አጥበን፣ ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ቆልተን፣ ወቅጠን፣ ጀበና ውስጥ አንተከትከን አቦል እንላለን። ያ አልበቃ ብሎ ቶና። ያም አልበቃ ብሎ በረካ። አንድም ተህዋስ በሕይወት ሊያልፍበት የማይችለውን ነገር ሦስት ጊዜ እናፈላለን። ከላም ጡት እስከ ብርጭቆ ስንት እጅ የነካው ወተት ግን አንዲት ግንፈላ ይከለከላል። ፈረንጆቹ ወተት 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ብቻ ቢቆይ ይበቃዋል ይላሉ፤ አስራ አምስት ሰከንድ! የእኛ ቡና ቁርስ እንኳ በዚያ ጊዜ አይዞርም።

በዚህ ፈሪዎቹ እንግሊዞች ናቸው። ማልታ ደሴት ላይ ወታደሮቻቸው እየመጣ በሚሄድ ትኩሳት ሲሰቃዩ ዴቪድ ብሩስ የሚባል የጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ተህዋሱን አገኘው። ከየት እንደሚመጣ ግን ለዓመታት ጠፋባቸው። በ1905 ቴሚስቶክለስ ዛሚት የተባለ የማልታ ሐኪም ፍየሎቹን መረመረ። ፍየሎቹ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ተህዋሱ ግን ከእነሱ ተገኘ፤ ወተታቸውም ውስጥ ነበር። በዓመቱ ለወታደሮቹ የፍየል ወተት ተከለከለና ትኩሳቱ አሽቆለቆለ። በሽታው ዛሬ በብሩስ ስም ብሩሴሎሲስ ይባላል። ወታደር ሆኖ ከወተት መሸሽ! አንዳቸውም ጥፍር ላይ ጠብ አድርገው አላዩትም።

እኛ ግን እንደነሱ አንርበተበትም። ማታ ማታ ትኩሳት ይነሳብናል፤ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ወገብና ጉልበት ይቆረጥማል። ከዚያ ይተወንና ድነናል ስንል ይመለሳል። እኔን በአራት ወር ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወባ ተመረመርኩ፤ የለም። «ታይፎይድና ታይፈስ አብሮ አለብህ» ተባልኩ። መድኃኒት ወሰድኩ። በሁለተኛውም ታይፎይድና ታይፈስ። በሦስተኛውም። ደስ አለኝ። በሽታዬ ስም አለው፤ የሠፈሬ ሰው ሁሉ ያለበት ነው፤ ወተቴንም የሚነካብኝ የለም።

ስለ ሳንባ ነቀርሳም አንሰጋም። እሱ በሳል ነው የሚመጣው፤ ወተት ደግሞ አያስልም። የላም ነቀርሳ የሚባል አለ፣ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይገባል፣ የአንገት ዕጢ ያሳብጣል፣ አንጀት ውስጥም ይሠፍራል ብለው ያስተምሩናል። ይባስ ብሎ በአንድ በረት ተጨናንቀው የሚረቡትን የፈረንጅ ላሞች ከአበሻ ላም አብልጦ ያጠቃል ይላሉ። እኛ የፈረንጅ ላም ያረባነው ብዙ ልትታለብ እንጂ ስለ ጤናዋ ልትተርክልን ነው እንዴ?

ሌላም ስጦታ አለ። የላሟ ጡት ያብጣል፤ መርፌ ትወጋለች። የወጋት ባለሙያ «ለተወሰኑ ቀናት ወተቱን አትሽጡ» ይላል። ማን ሊደፋው? ስለዚህ ወተታችን ከነአንቲባዮቲኩ ይመጣል፤ ለዚያውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ይሄኛውን ማፍላትም አያጠፋውም። ሻጋታ ከያዘው ፋጉሎና በቆሎ ወደ ወተት የሚያልፈውን አፍላቶክሲንም እንዲሁ። (እዚህ ላይ አፍሉ ባዮችም ዝም ይላሉ፤ ያ ደግሞ የገበሬውና የመኖው ሻጭ ጉዳይ ነው።) ኋላ ታመን መድኃኒቱ እምቢ ሲለን «የዘንድሮ መድኃኒት ውሃ ነው» እንላለን። አሁንም ጥፋተኛው ውሃ ነው።

እውነቱን ለመናገር እማማ ውሃ ቢጨምሩ ኖሮ፣ ለዚያውም የፈላ ውሃ፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ንጹሑ ነገር እሱ በሆነ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ትኩሳቱ ለአራተኛ ጊዜ ተመለሰና ሌላ ቦታ ሄድኩ። አንድ ልጅ እግር ሐኪም አገኘኝ። ታይፎይድ ሳይል በፊት «ጥሬ ወተት ይጠጣሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክብሬ ተነካ። «የጅማ ልጅ ነኝ፤ የዱቄት ልጠጣ?» አልኩት። ሳቅ አለና ሌላ ምርመራ አዘዘልኝ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ጻፈ፤ ለስድስት ሳምንት። «አንድ ቀን እንዳያቋርጡ» አለኝ። ለአንድ ጣሳ ወተት ስድስት ሳምንት! ስለ እርጎ ጠየቅሁት፤ ስለረጋ ብቻ ተህዋሱ አይሞትም አለኝ። ስለ አይብ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። ሰው የሚያውቀው ባነሰ ቁጥር የሚበላው ይበዛል።

ከዚያ ስመለስ መንገዴ በእማማ ቤት ነው። ፊታቸው ጠቁሯል። ላሟ በሰባት ወሯ አስወርዳለች፤ ሁለተኛዋ ነው። «ዓይን ነው ልጄ፤ ሰው አይቷት ነው» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ሞቶ የወጣውን ጥጃ በባዶ እጁ ስቦ እንዳወጣ በኩራት ነገሩኝ። ልጁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቂጣ ይበላል። የእንግዴ ልጁን ውሻ ወስዶታል።

«ወተቱስ?» አልኩ። ሌላ ምን ይጠየቃል?

«ወተቱማ መጣ! አልሐምዱሊላህ!»

በጣሳ ቀድተው አቀረቡልኝ። አረፋው ጢም ብሏል። በግራ እጄ የስድስት ሳምንት መድኃኒት የያዘውን ፌስታል አንጠልጥያለሁ። በቀኝ እጄ አውራ ጣት ጥፍር ላይ አንዲት ጠብታ አደረግሁ። ጣቴን ዘንበል አደረግሁት። አልወረደችም።

«ውሃ የለበትም እማማ» አልኳቸው።